ለማጅ አይሮፕላን ነጂ መሬት ሲነካ

አይሮፕላን ማስነሣት ከማሳረፍ ይቀላል ቢባል ማጋነን አይደለም። ሞተሩ ጉልበት ካለውና ነፋሱ ከፊት ከመጣ መኪናው ራሱ መነሣት ይፈልጋል። ለማጁን ላብ ላብ የሚያሰኘው ማረፉ ነው።

በብዙ አገር ተማሪዎች የሚለማመዱበትን ሴስና 172ን እንውሰድ። ይህ አራት ሰው የሚይዝ አይሮፕላን በመጀመሪያ የበረረው በ1947 ዓ.ም. ሲሆን፥ እስከ ዛሬ ከ40,000 በላይ ተሠርቷል። ለማረፍ ሲመጣ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ያህል እየገሠገሠ፥ በሰከንድ 2 ሜትር ተኩል ያህል ቁልቁል ይወርዳል። መሬት ለመንካት ጥቂት ሜትር ሲቀረው ነጂው ጉልበቱን ቀንሶ መሪውን በዝግታ ወደ ራሱ ይስባል፤ አፍንጫው ቀና ይልና አይሮፕላኑ በኋላ ጎማዎቹ ቁጭ ይላል። ለማጁ ግን መሬቱ የት እንዳለ ዓይኑ ገና አልለመደም። ቀድሞ የሳበ እንደሆነ ፍጥነቱ በአየር ላይ ያልቅበትና እንደ ድንጋይ ይወድቃል፤ የዘገየ እንደሆነ እንደመጣ ይጋጫል።

ግጭቱ ምን ያህል ነው? በክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ እንደማደርገው ላስላው። በሰከንድ 2 ሜትር ተኩል መውረድ ማለት ከ32 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ከመውደቅ ጋር አንድ ነው። ከበርጩማ አይበልጥም! ነገር ግን የሚወድቀው 1,000 ኪሎ ያህል የሚመዝን ዕቃ ነው፤ የአወራረዱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆንም የምቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። መሐንዲሶች የትንሽ አይሮፕላን እግር በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ሜትር የሚደርስ አወራረድ እንዲችል አድርገው ይሠሩታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምት ብዙ ጊዜ ምንም አይሰብርም።

መዘዙ የሚመጣው ከነጠረ በኋላ ነው። እግሩ እንደ ሞላ ተመልሶ አይሮፕላኑን ያስፈነጥረዋል፤ ለማጁም ደንግጦ መሪውን ወደ ፊት ይገፋል። ያን ጊዜ የፊቱ ጎማ ቀድሞ ይመታል። ይህ ጎማ እንደ ኋለኞቹ ብርቱ አይደለም፤ የተያያዘውም ሞተሩን ከነጂው ክፍል ከሚለየው ግድግዳ ጋር ነው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ንጥረት ግድግዳው ይጨማደዳል፤ ፕሮፔለሩ አስፋልቱን የነካ እንደሆነም ሞተሩ ተፈትቶ ይመረመራል። የአስተማሪዎች ትእዛዝ አጭር ነው፦ አትግፋ፤ ሙሉ ጉልበት ስጥና እንደገና ተነሥ።

እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ቦታ ሌላም ችግር አለ። ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ፥ መለኪያው የተለመደውን ቁጥር እያሳየ አይሮፕላኑ በእውነቱ ከመቶ 12 ያህል ይበልጥ ይፈጥናል። መሬቱ ሲሮጥበት አይቶ ዓይኑን ያመነና ፍጥነት የቀነሰ ለማጅ ክንፉ ይከዳዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ከወረዱ በኋላ ያለው ይመስለኛል። ተማሪው ብቻውን ነበር፤ የአስተማሪው ወንበር ባዶ ነው። አይሮፕላኑ ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው፤ የተጨማደደው ግድግዳ የሚታየው የሞተሩ ክዳን ሲከፈት ነው። ዝም ብሎ አስሮት የሄደ እንደሆነ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሌላ ልጅ ይነሣበታል። ስለዚህ በኃይል ያረፈ ሁሉ እንዲናገር ከመጀመሪያው ቀን ይነገረዋል፤ መካኒኩ ጎማውን፥ እግሩንና ግድግዳውን ሳያይም ማንም አይሳፈርበትም። የተናገረው ተማሪ ከአስተማሪው ጋር ጥቂት ዙር ይደግምና፥ እጁ ሲረጋ እንደገና ብቻውን ይለቀቃል።