ዩኒሶ፦ ከፋብሪካ ወደ ጋራዥ

አሜሪካ ውስጥ የትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ ክፍል ሲዘጋ ወይም የቤት ዕቃ ፋብሪካ ሲፈርስ፣ ከሚሸጠው ንብረት መካከል ሣጥን መሳይ፣ ሁለት ሰው የማያነሣው የጠረጴዛ መጋዝ ብዙ ጊዜ አይጠፋም። የሚልዋኪው ዴልታ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1939 ያወጣው ዩኒሶ ነው። እንዲህ ያለ ማሽን አንዳንዴ በሚያስገርም ርካሽ ይሸጣል። ምክንያቱ ማርጀቱ ብቻ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ጉዳዩ መብራት ነው።

መጀመሪያ ግን ስለ ማሽኑ። ከእሱ በፊት በነበሩ ብዙ መጋዞች እንጨት በማዕዘን ለመቁረጥ ጠረጴዛው ራሱ ይጋደል ነበር። ሙሉ ኮምፔንሳቶ በተጋደለ ጠረጴዛ ላይ መግፋት ምን ያህል እንደሚያደክም የሞከረ አናጢ ያውቀዋል። ዩኒሶ ጠረጴዛውን እንደተኛ ትቶ ምላጩን ያጋድላል። ሞተሩ በሣጥኑ ውስጥ ሆኖ፣ በሦስት ቺንጋ 10 ኢንች ምላጭ በደቂቃ 4,000 ጊዜ ገደማ ያሽከረክራል። ክብደቱ 200 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ገንዘብ የሚከፈለውም ለዚህ ክብደት ነው። ንዝረቱን ብረቱ ይውጠዋል፣ ቆረጣውም ቀጥ ብሎ ይወጣል።

ሊገዛ የሄደ ሰው ዝገት ሊያስደነግጠው አይገባም። የሚያሰጋው ስንጥቅ ነው። ሞተሩንና ምላጩን የተሸከመው ግማሽ ክብ ብረት ከተሰነጠቀ፣ ማሽኑ ተጥሎ ወድቆ ሊሆን ይችላልና እጅን መሰብሰብ ይሻላል። ኩሽኔታ ቢጮኽ፣ ቺንጋ ቢደርቅ ግን ለመደራደሪያ ይጠቅማል፤ ሁለቱም በቀላሉ ይተካሉ።

አሁን ወደ መብራቱ። ፋብሪካ ባለ ሦስት ፌዝ መስመር አለው፣ የአሜሪካ መኖሪያ ቤት ግን በአብዛኛው የለውም። ገዢ የሚሸሸው ለዚህ ነው። መፍትሔው ቪኤፍዲ የሚባለው የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ሲሆን፣ የቤቱን 240 ቮልት ተቀብሎ ለሞተሩ ሦስት ፌዝ ይሰጠዋል። የሞተሩ ሰሌዳ «220/440» የሚል ከሆነ በዝቅተኛው ይገናኛል፤ 440 ብቻ ከሆነ ነገሩ ይወሳሰባል። የድሮው ማብሪያ በመሣሪያውና በሞተሩ መካከል መቅረት የለበትም፤ ሞተሩ እየሠራ መስመሩ ከተቆረጠ ቪኤፍዲው ሊቃጠል ይችላል።

እድሳቱ የሚጀምረው ከቆሻሻ ነው። ምላጩን የሚያነሣውና የሚያጋድለው ማዞሪያ የሚከብደው ብዙ ጊዜ ጥርሱ አልቆ ሳይሆን፣ ግራሶና ሰጋቱራ ተለውሰው ስለደረቁበት ነው። በላምባና በብሩሽ ከጸዳ በኋላ ጥርሶቹን መልሶ በግራሶ መለቅለቅ ያንኑ ጭቃ መጥራት ነው፤ ሰም ይበቃል። የጠረጴዛው ዝገት መጀመሪያ በስለት ይፋቃል፣ ከዚያ በዘይትና በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይታሻል። ቀለሙን ግን እኔ ብሆን እንዳለ እተወዋለሁ። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ ፍቆ አቧራውን መተንፈስ አደጋ ነው፤ ደግሞም ቀለም እንጨት አይቆርጥም።

ትዕግሥት የሚፈልገው ማስተካከሉ ነው። ምላጩ በጠረጴዛው ላይ ካለው ቦይ ጋር ፍጹም ትይዩ መሆን አለበት። አንድ ጥርስ ይመረጥና ከቦዩ ያለው ርቀት ከፊት ይለካል፤ ምላጩ ዞሮ ያው ጥርስ ከኋላ ይለካል። ልዩነቱ የሚሊ ሜትር አሥረኛ ያህል እስኪሆን ድረስ የጠረጴዛው ብሎኖች ላላ ይደረጉና ጠረጴዛው በእንጨት መዶሻ ነካ ነካ ይደረጋል። ይህን ሥራ የዘለለ ሰው እንጨቱ ሲቃጠልበት ምላጩን ይወቅሳል።

ከዚህ የሚከፋው እንጨቱ ተመልሶ ሲመታ ነው። የተቆረጠው እንጨት ተጋጥሞ የምላጩን ጀርባ ከያዘ፣ ወደ ሠራተኛው ይወረወራል። ይህን የሚከላከለው ከምላጩ ኋላ ቆሞ አብሮት የሚወጣና የሚወርድ ቀጭን ብረት ነው፤ ዩኒሶ ግን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2009 እንደ አዲስ ሲነደፍ ነው። በአሮጌው ላይ ቢያንስ ከምላጩ ኋላ የሚቆም መለያያ ብረት ፈልጎ መግጠም የግድ ነው፤ ሠራተኛውም ከምላጩ ትይዩ መቆም የለበትም።

ማሽኑን ወደ ኢትዮጵያ ለመላክ የሚያስብ ሰው ደግሞ ስሌቱ ይገለበጥለታል። አሜሪካ ውስጥ የማይፈለገው ባለ 440 ቮልት ሦስት ፌዝ ሞተር፣ ለ60 ኸርዝ ቢሠራም ከአገር ቤቱ 380 ቮልትና 50 ኸርዝ ጋር ይስማማል፤ ቮልቱና ኸርዙ በተቀራራቢ መጠን ይቀንሳሉና። የሚጎድለው ፍጥነት ነው፤ ሞተሩ አንድ ስድስተኛ ያህል ይዘገያል፣ እሱም በሞተሩ በኩል ያለውን ፑሌጃ ተለቅ ባለ በመተካት ይካሳል።