«እኔ መቼ አበድኩና?»



እዚህ ሻንቶ አንድ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ ደስታው የሰፈሩ ሁሉ ነው። እናት በሶና ዳጣ ታዘጋጃለች፣ ጓደኞች ሻንጣ ይዘው እስከ መናኸሪያ ይሸኛሉ። ምክሩም «በርታ፣ ስማችንን አስጠራ» የሚል ነው። «ከከበደህ ግን ግቢ ውስጥ የምታማክረው ባለሙያ አለ» የሚል ሸኚ እምብዛም አይገኝም።

በሥራዬ አጋጣሚ ካነጋገርኳቸው ወጣቶች አንዱ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። ትምህርቱን አቋርጦ ሲመለስ ለቤተሰቡ «ታይፎይድ ነው» አለ። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። አንድ ፈተና ከተበላሸበት በኋላ እንቅልፍ አጣ፣ ምግብ አስጠላው፣ ክላስ መግባት ትቶ ዶርም ተኝቶ መዋል ጀመረ። ጓደኛው «የምክር አገልግሎት ቢሮ ለምን አትሄድም?» ቢለው «እኔ መቼ አበድኩና?» ብሎ ተቆጣ። ይህች አባባል አንድ ዓመት አስከፈለችው።

ለመሆኑ ወጣቶችን ከዚህ አገልግሎት የሚያርቁ የተሳሳቱ አመለካከቶች የትኞቹ ናቸው? እውነታውስ?

1. «እዚያ የሚሄደው ያበደ ነው»

ይህ አመለካከት መነሻ አለው። በአገራችን ለበርካታ አሥርት ዓመታት ራሱን የቻለ የአእምሮ ሆስፒታል የነበረው አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ብቻ ነበር። የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረውም በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚያውቀው ሕመሙ ጠንቶበት የተወሰደውን ብቻ ነው። የዩኒቨርሲቲ የምክር አገልግሎት ግን ነገሩ ከመክፋቱ በፊት የሚኬድበት ቦታ ነው። የፈተና ጭንቀት፣ የቤተሰብ ናፍቆት፣ ከፍቅር ጓደኛ መለያየት፣ ሐዘን፣ ሁሉም ያስኬዳል።

2. «ምክር ከሆነ ቤተሰቤም ይመክረኛል»

ቃሉ ነው የሚያሳስተን። እኛ ዘንድ መካሪ ይናገራል፣ ተመካሪ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። እዚህ ግን በብዛት የሚናገረው ተማሪው ነው። ባለሙያው ይጠይቃል፣ ያዳምጣል፣ ከየትኛው ችግር እንደሚጀመር አብሮ ያቅዳል። ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን አያልቅም፣ ተመላልሶ መነጋገር ይጠይቃል። መድኃኒት የሚያስፈልግ ከመሰለው ወደ ሆስፒታል ይልካል።

3. «የተናገርኩት ለዲኑና ለቤተሰቤ ይደርሳል»

ምስጢር መጠበቅ የሙያው ግዴታ ነው። የራስን ወይም የሌላን ሰው ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሲኖር ግን ለሚረዳ ሰው ሊነገር ይችላል። በመጀመሪያው ቀን «ምስጢር የሚሆነውና የማይሆነው የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መብታችሁ ነው።

4. «እዚያ የታየ ሰው ቫይረሱ አለበት»

«ምክር» የሚለውን ቃል ከደም ምርመራ ጋር ስለለመድነው የመጣ ስህተት ነው። ሁለቱ አገልግሎቶች የተለያዩ ናቸው። ችግሮቹ ግን ይገናኛሉ። ጭንቀቱን በመጠጥ ለመርሳት የሚሞክር ወጣት ያለ ኮንዶም ወሲብ ሊፈጽም ይችላል። ፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ድብርት ሲይዘው ኪኒኑን ሊያቋርጥ ይችላል።

5. «ጸሎት እያለ ምን ያደርግልኛል?»

ጸሎታችሁን ማንም አያስቆማችሁም። ወባ የያዘው ሰው እየጸለየም ኪኒኑን ይውጣል አይደል? ይህም እንደዚያው ነው።

መቼ እንሂድ?

ሐዘን፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም ተስፋ መቁረጥ ሁለት ሳምንት ከዘለቀ ሂዱ። ቀደም ብሎ መሄድም ነውር የለበትም። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ግን አንድ ቀንም አይጠበቅም። ወዲያው ለምታምኑት ሰው ንገሩ። እንዲህ የሚል ጓደኛ ካላችሁ «ቀልዱን ነው» ብላችሁ አትለፉት፣ ብቻውንም አትተዉት፤ ጤና ተቋም አድርሱት።

በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም ተመደቡ ወይም ሩቅ አገር፣ ገና ስትገቡ የተማሪዎች አገልግሎት ዲን ቢሮን ወይም የግቢውን ክሊኒክ «የምክር አገልግሎት የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ካፌና ላይብረሪ እንደምታጠኑት ይህንንም በር አጥኑት።

ያ ተማሪ በመጨረሻ ለአባቱ እውነቱን ነገራቸው። አባትየው ዝም ብለው ቆዩና «ታይፎይድ ስትለኝ ሐኪም ጋ ወሰድኩህ። ይሄንንስ ብትነግረኝ ኖሮ ዝም እል ነበር?» አሉት።

ወጣቶች፣ እኛም ከመሸሸግ መናገርን እንልመድ። ቸር ይግጠመን!