ባልለበሱት ማልያ

እ.ኤ.አ. በ1996 የሳውዛምፕተኑ አሠልጣኝ ግሬም ሱነስ ስልክ ተደወለለት። ደዋዩ «ጆርጅ ዊሃ ነኝ» አለ። ዊሃ ያኔ የዓለም ኮከብ የተባለ አጥቂ ነበር። «የአጎቴ ልጅ አሊ ዲያ ለፓሪ ሰን ዠርመን ተጫውቷል፤ ለሴኔጋልም 13 ጊዜ ተሰልፏል» ሲል አደራ አለ። ደዋዩ ዊሃ አልነበረም፤ የተጠራው የጨዋታ ታሪክም ውሸት ነበር።

ክለቡ ዲያን ለአንድ ወር አስፈረመው። ችሎታው ሊታይበት የታሰበው የተጠባባቂዎች ግጥሚያ ሜዳው በዝናብ በመጥለቅለቁ ተሰረዘ። ኖቬምበር 23 ሳውዛምፕተን ከሊድስ ሲጋጠም ኮከቡ ማት ለ ቲሲየ በ32ኛው ደቂቃ ተጎድቶ ወጣ፤ ዲያ 33 ቁጥር ለብሶ ገባ። ቦታውን ጠብቆ መጫወት ስላልቻለ በ85ኛው ደቂቃ እሱም ተቀየረ። ሳውዛምፕተን 2 ለ 0 ተሸነፈ፣ ዲያም ብዙ ሳይቆይ ተሰናበተ። ከዓመታት በኋላ ውሸታም እንዳልሆነ ተከራክሯል።

ይህ ታሪክ እስከ ዛሬ ለሳቅ ይነገራል። እኔን ግን አያስቀኝም። በዚያ ቅዳሜ በተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጠው የቀሩ ተጫዋቾች ነበሩ። ተራቸውን የወሰደባቸው ማንም ያላጣራው ወሬ ነው። ወደ ፓሪስ አንድ ስልክ ቢደወል ነገሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይገለጥ ነበር። የዊሃ ስም ሲጠራ ግን መጠየቅ ነውር መሰለ።

ብራዚላዊው ካርሎስ ሄንሪኬ ራፖሶ፣ በቅጽል ስሙ «ካይዘር»፣ በዚሁ ያለማጣራት ድክመት ተጠቅሞ ኖሯል። ራሱ እንደሚተርከው በሪዮ ዴ ጃኔይሮ ክለቦች እየፈረመ፣ ልምምድ ላይ ጭኑን ይዞ እየወደቀ፣ ጨዋታ ሳይጫወት ደመወዝ ይቀበል ነበር። ከሚተርከውም የተወሰነው ያጠራጥራል። ሆኖም በ2018 ፊልም ተሠራለት፤ በላባቸው የተጫወቱ ስንቶች ግን አስታዋሽ አጥተው ቀርተዋል።

ከሁሉ የሚከብደኝ የቶጎው ነው። በጃንዋሪ 2010 የቶጎ ብሔራዊ ቡድን አውቶቡስ አንጎላ ካቢንዳ ውስጥ በታጣቂዎች ጥይት ተደበደበ፤ ምክትል አሠልጣኙና የቡድኑ ቃል አቀባይ ሞቱ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር «የቶጎ ብሔራዊ ቡድን» የተባለ ስብስብ ባህሬን ገብቶ 3 ለ 0 ተሸነፈ። የባህሬኑ አሠልጣኝ ዮዜፍ ሂከርስበርገር ተጋጣሚዎቹ 90 ደቂቃ የመጫወት አቅም እንኳ እንደሌላቸው አስተዋለ። የቶጎ ፌዴሬሽን «ቡድን አልላክንም» አለ። ወስዷቸው የነበረው የቀድሞው አሠልጣኝ ቻኒሌ ባና ለሦስት ዓመት ታገደ። ወገኖቻቸው ደማቸውን ያፈሰሱበት ስም ስምንት ወር ሳይሞላው ለገንዘብ ተሸጠ።

ውሸቱ በሽንፈት ብቻ የማያበቃበት ቦታም አለ። «የቀድሞ ተጫዋች ነኝ፣ አውሮፓ ክለቦች ውስጥ ሰው አለኝ» የሚሉ አስመሳይ ወኪሎች ከምዕራብ አፍሪካ መንደሮች ልጆችን ይወስዳሉ። ቤተሰብ ጥሪቱን ሸጦ ይከፍላል፣ ልጁ ፓሪስ ሲደርስ የሚቀበለው ክለብ የለም። የካሜሩን ብሔራዊ ቡድን ተጫዋች የነበረው ዣን ክሎድ ምቩሚን በ2000 «ፉት ሶሊዴር» የተባለውን ድርጅት ያቋቋመው እንዲህ ሜዳ ላይ ለቀሩ ልጆች ነው። ከ2001 ጀምሮ የፊፋ ደንብ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነን ተጫዋች ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር ከአገር አገር ማዘዋወርን ይከለክላል። አታላዩ ግን ደንቡን በማያውቅ ወላጅ በር በኩል ይገባል።

እኛም አገር ልጁ ኳስ ተጫዋች ወይም ሯጭ እንዲሆን የሚመኝ ወላጅ ብዙ ነው። እባክዎ፣ አንድ ሰው «ተጫውቻለሁ፣ ልጅዎን እወስዳለሁ» ብሎ ቤትዎ ቢመጣ በየትኛው ክለብ፣ በየትኛው ዓመት እንደተጫወተ ይጠይቁት። የነገረዎትን ለክለቡና ለፌዴሬሽኑ ደውለው ያረጋግጡ። የእግር ኳስ ወኪል ነኝ ካለም ስሙን ፊፋ ፈቃድ ከሰጣቸው ወኪሎች ዝርዝር ውስጥ ይፈልጉት። ይህን ሁሉ ሳያጣሩ አንድ ብር አይክፈሉ፤ የልጅዎንም ፓስፖርት አይስጡ።