ከኦሙ በፊት ቮልቱ

በደቡብ ጎንደር ደጋ አንድ ደብር ለንግሥ ቀን ድምፅ ማጉያ ሲያዘጋጅ አንድ ማይክ ብዙ ጊዜ አይበቃውም። አንዱ ለቅዳሴው፣ አንዱ በቅኔ ማኅሌት ለቆሙት ሊቃውንት፣ አንዱ በዐውደ ምሕረት ለሚያስተምረው ሰባኪ ይሆናል። ሁሉም ባንድ ጊዜ ተከፍተው ከዋሉ ሞንታርቦው ማፏጨቱ አይቀርም፤ ስለዚህ በየተራው የሚከፍትና የሚዘጋ ነገር ያስፈልጋል። ጥሩ ሚክሰር ያለው በዚያ ይገላገላል። የሌለው፣ ወይም በአንድ ቁልፍ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር የፈለገ፣ በአናሎግ ማብሪያ ቺፕ የሚሠራ መቀያየሪያ ሊያሠራ ይችላል። በዚህ ቺፕ ውስጥ የሚነካካ ብረት የለም፤ በመቆጣጠሪያ እግሩ ላይ በሚመጣው ቮልት ትራንዚስተሮች ለድምፁ መንገድ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። በብዛት የሚታወቁት 4066 እና 4053 ናቸው፤ የመጀመሪያው አራት ማብሪያዎች፣ ሁለተኛው ሦስት ባለሁለት አቅጣጫ መቀየሪያዎች ይዟል። ሁለቱም የአሜሪካው አርሲኤ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ከጀመረው የ4000 ቤተሰብ ናቸው።

ገዢው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው ቺፑ ሲከፈት ለድምፁ የሚያሳየውን መቋቋም፣ ማለትም ኦሙን ነው። 4066 በ15 ቮልት ሲሠራ 125 ኦም አካባቢ፣ በ5 ቮልት 470 ኦም አካባቢ አለው። ዲጂ411 የተባለው ውድ ዘመዱ ደግሞ በተሟላ ኃይል ከ35 ኦም አይበልጥም። ቁጥሩ ሲታይ ውዱ ያሸነፈ ይመስላል። ግን ሒሳቡ ይሠራ፦ ቀጥሎ ያለው ማጉያ መግቢያው 10 ሺህ ኦም ቢሆን 125 ኦም ከድምፁ የሚቀንሰው 1.2 በመቶ ያህል ነው፤ ይህን ጆሮ አይለየውም። የሚጎዳው የኦሙ ብዛት ሳይሆን መዋዠቁ ነው። ድምፁ ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር ኦሙም አብሮ ይለዋወጣል፣ ድምፁም ይዛባል። መዋዠቁ ደግሞ የሚብሰው ቺፑ በአነስተኛ ቮልት ሲሠራ ነው። ስለዚህ ከየትኛው ቺፕ በፊት መጠየቅ ያለበት ቺፑ ስንት ቮልት ያገኛል፣ ስንት ቮልት ድምፅስ ያልፍበታል የሚለው ነው።

ለዚህ ከከበሮ የተሻለ ፈታኝ የለም። በባለሙያ ዕቃዎች የተለመደው የመስመር ድምፅ በአማካይ 1.23 ቮልት ነው፤ የከበሮ ምት ግን የዚህን ሦስት አራት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። በ5 ቮልት የሚሠራና መካከሉ ላይ የተደገፈ ቺፕ ወደ ላይም ወደ ታችም 2.5 ቮልት ብቻ ነው ያለው፤ ምቱ ጫፉን ይቆረጣል፣ ከዚያም ካለፈ በቺፑ ውስጥ ያሉት መከላከያ ዳዮዶች ይከፈቱና ተዘግቷል የተባለው መስመር ሳይቀር ይረበሻል። በ12 ቮልት ባትሪ ሲሠራ ግን 6 ቮልት ወደየአቅጣጫው አለ። ጸናጽልም ሌላ ጣጣ ያመጣል። ቀጭን ድምፁ በተዘጋ ማብሪያ በኩልም ሾልኮ ያልፋል፤ በተዘጋው ማብሪያ ጫፎች መካከል ያለችው ትንሿ ካፓሲታንስ ቀጫጭን ድምፆችን የበለጠ ታሳልፋለችና። ድጓ በጋይንቷ ቤተልሔም በሚመሰከርበት አገር፣ ሰባኪው ሲናገር ከማኅሌቱ ጸናጽል ከበስተኋላው እንደ ጥላ ቢሰማ የሚያስተውለው ብዙ ነው። መድኃኒቱ 4053ን መምረጥና ያልተፈለገውን መስመር ክፍት ከመተው ይልቅ ወደ መሬት መልቀቅ ነው። ማብሪያው በኦፕ-አምፕ (በማጉያ ቺፕ) ገልባጭ መግቢያ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ እዚያ ቮልቱ ከሞላ ጎደል ስለማይንቀሳቀስ የኦሙ መዋዠቅም የከበሮው ጫፍም ስጋት አይሆኑም፤ እዚያ ቦታ 5 ቮልትም ይበቃል። እንዲህ በቦታው የተሰካ ርካሽ ቺፕ ያለ ቦታው ከተሰካ ውድ ቺፕ ይሻላል።

ሪሌ ለምን አይሆንም የሚል ይኖራል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። የሪሌ መንገድ ብረት ለብረት ስለሆነ ኦሙ ከአንድ ኦም ክፍልፋይ አይዘልም፣ ድምፁንም አያዛባም። በመብራት የሚሠራና በጀት ያለው ቢጠቀምበት አልቃወምም። ግን አንድ ትንሽ ሪሌ ሲያዝ ብቻ 140 ሚሊዋት ያህል ይበላል፤ 4053 የሚፈልገው ከዚያ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። መብራት ጠፍቶ በባትሪ ለሚዋልበት ንግሥ ልዩነቱ ይታያል። አስመስለው የተሠሩ ቺፖች ገበያውን ሞልተውታል የሚለውም እውነትነት አለው፤ በእኔ ግምት ግን የሚመሰለው በአብዛኛው ውዱ ነው፣ ከ4053 ብዙ አይተረፍም።

አሠሪው ሠሪውን ሦስት ነገር ይጠይቅ። ማይኩ ከማብሪያው በፊት ተጎልቷል ወይ? የማይክ ጥሬ ድምፅ ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ስለሆነ፣ ቺፑ ሲቀየር የሚተወው ቅንጣት ኤሌክትሪክ ጎልቶ ጠቅ ይላል። ከማብሪያው ግራና ቀኝ መስመሩን በተመሳሳይ ቮልት የሚያቆዩ ትልልቅ ሬዚስተሮች አሉ ወይ? ከሌሉ በመስመሩ ላይ ባሉት ካፓሲተሮች የተጠራቀመው የቮልት ልዩነት በየቅያሪው ይፈነዳል። ሦስተኛው የሚረሳው ነው፦ በ12 ቮልት የሚሠራ ቺፕ ትእዛዙንም ወደ 12 በተጠጋ ቮልት ይፈልጋል፤ ከ5 ቮልት ማይክሮኮንትሮለር በቀጥታ የሚመጣ ትእዛዝ አይበቃውም፤ ተራ የእጅ ማብሪያ ከባትሪው ከተሳበ ግን ይበቃዋል።