እየተማረ ነው ወይስ እየተጫወተ? ትምህርቱም ጨዋታውም በአንድ ስክሪን ሲሆን

በሮቫ ሄ የምንሠራ ነርሶች የደም ግፊት ስንለካ የምንሰማው የልብ ትርታ ብቻ አይደለም። እናቶች እጅጌያቸውን ሰብስበው ሲቀመጡ የቤታቸውን ነገር ያነሱልናል። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ደጋግመን የምንሰማው ጉዳይ ዩኒቨርሲቲና ኮሌጅ የገቡ ልጆችና ከእጃቸው የማይለየው ስክሪን ነው።

ዛሬ ሁለት ቤቶችን እናስተዋውቃችሁ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ጥቂት ነገሮችን ቀይረናል።

የመጀመሪያዋ እናት ግፊታቸው ከፍ ብሎ ነበር። ምን እንዳስጨነቃቸው ስንጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ እኔ ሌሊት ቢሮ ሳጸዳ አድራለሁ፣ እሱ ሌሊት ሲጫወት ያድራል። ተማሪ ነኝ ይለኛል፤ መጽሐፍ ግን በቤቴ አይቼ አላውቅም» አሉን። ልጁ ሊወስዳቸው ሲመጣ፣ ሌሊት የሚጫወተውን እንዲያሳየን ጠየቅነው። ስልኩን አወጣ። በቀለም የተሠራ የሰው ልብ በጣቱ ሲነካው ይዞራል። ጨዋታው «ደሙ ከዚህ ወዴት ይሄዳል?» ብሎ ይጠይቃል፤ በትክክል ከመለሰ ነጥብ ይሰጠዋል፣ ከተሳሳተ መልሶ ያስጀምረዋል። ለአናቶሚ ፈተና እየተዘጋጀ ነበር። እናቱ አይተው፣ «ታዲያ ይህን ለምን አላሳየኸኝም?» አሉት። «እማ፣ አትጠይቂኝም እኮ፤ ትቆጪኛለሽ እንጂ» አላቸው።

በሁለተኛው ቤት ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር። ወጣቱ ራስ ምታትና የዓይን መቃጠል ይዞት መጣ። የሚተኛው ንጋት ላይ ነው። እናቱ በሩ ሲዘጋ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ የኮምፒውተሩ መብራት ሲበራ «ልጄ እያጠና ነው» ብለው ቡናና ምግብ እስከ በሩ ያደርሱለት ነበር። እሱ ግን ከሁለተኛው ሴሚስተር ጀምሮ ፈተና አልተቀመጠም። ክፍያው ሲከፈል፣ እሱም ለወላጆቹ መናገር ሲያፍር ወራት አልፈዋል።

አንደኛዋ እናት ትምህርቱን ጨዋታ ነው አሉ፤ ሁለተኛዋ ጨዋታውን ትምህርት ነው አሉ። ሁለቱም ሞኞች አይደሉም። ከውጭ ሲታይ ሁለቱ ነገሮች አንድ ዓይነት ሆነዋል።

ትምህርቱ ለምን ጨዋታ መሰለ?

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ኮሮና ሲገባ የእስራኤል ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርታቸውን ወደ ዙም አዛወሩ። በሽታው ቢያልፍም የተቀዳ ትምህርት፣ በኮምፒውተር የሚላክ የቤት ሥራና በስልክ የሚሠራ መልመጃ አብረው አልሄዱም። የእስራኤል ክፍት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከ1976 ጀምሮ በርቀት ያስተምራል። ለመጀመሪያ ዲግሪ ባግሩትና ፕሲኮሜትሪ ስለማይጠይቅ ለብዙ ወጣቶቻችን በር ከፍቷል። እንዲህ ያለው ትምህርት ግን ተማሪው ብቻውን ስክሪን ፊት ተቀምጦ ራሱን እንዲገዛ ይጠይቃል።

በክፍል ውስጥም ቢሆን ጨዋታው ገብቷል። ካሁት የሚባለው በ2013 ኖርዌይ ውስጥ የወጣ የጥያቄ ጨዋታ ነው፤ መምህሩ ጥያቄ ያወጣል፣ ተማሪዎች በስልካቸው ይሽቀዳደማሉ። በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በ2008 ፎልዲት የሚባል ጌም አወጣ። ተጫዋቹ የፕሮቲኖችን ቅርጽ እያጠፈና እየዘረጋ ነጥብ ያገኛል። በ2011 ተጫዋቾቹ በዝንጀሮዎች ላይ ኤድስን የሚመስል በሽታ ከሚያመጣ ቫይረስ የአንዱን ኤንዛይም ቅርጽ በሦስት ሳምንት ገደማ አገኙት። ተመራማሪዎች ግን ከዚያ በፊት ከአሥር ዓመት በላይ ደክመውበት ነበር።

በእኛም ሙያ ያው ነው። ነርስነት ስንማር ልብ ማሸትና ትንፋሽ መስጠት የተለማመድነው በአሻንጉሊት ላይ ነው። ያንን አሻንጉሊት በ1960 ለዓለም ያቀረበው አስሙንድ ላርዳል የተባለ ኖርዌጂያዊ የልጆች መጫወቻ አምራች ነበር። ዛሬ የሚሠራባቸው አሻንጉሊቶች ይተነፍሳሉ፣ ያቃስታሉ፣ ግፊታቸው ይወርዳል። በቴል ሃሾሜር ሆስፒታል ከ2001 ጀምሮ የሐኪሞችና የነርሶች መለማመጃ የሆነ ትልቅ የሲሙሌሽን ማዕከል አለ። እዚያ ተማሪ ቢሳሳት የሚሞት ሰው የለም። የጨዋታ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ተሳስቶ መልሶ መጀመር ይቻላል።

ለእኛም ማኅበረሰብ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ወላጆቻችን በእንቆቅልሽ አሳስበውናል፣ በገበጣ ቆጠራ አስተምረውናል። ገበጣ አሁን በአዲስ አበባ ወጣቶች እጅ የስልክ ጌም ሆኗል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ እንቆቅልሹ ሲያልቅ ሁላችንም ወደ መኝታችን እንሄድ ነበር፤ የዛሬው ጌም ግን እንዳያልቅ ተደርጎ ነው የሚሠራው።

መቼ ነው የሚያሰጋው?

የዓለም የጤና ድርጅት የጌም ሱስን በ2019 በበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶ ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ አውሎታል። መለኪያው ሦስት ነው፤ ሰውየው መቼ ማቆም እንዳለበት ራሱን መቆጣጠር ያቅተዋል፣ ጌሙ ከሌላው የሕይወት ጉዳይ ሁሉ ይቀድምበታል፣ ጉዳት እያየም ይቀጥላል። ይህም በአብዛኛው ለ12 ወር ያህል የቆየ፣ ትምህርቱን፣ ሥራውን ወይም ኑሮውን የጎዳ መሆን አለበት። ስለዚህ የሚጫወት ሁሉ ታሟል አንልም። በሰዓት ብዛት ብቻም አይፈረድም።

ወላጅ የሚያየውን እንንገራችሁ። ልጁ ይተኛል? አዋቂ ሰው በሌሊት ቢያንስ ሰባት ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ከቤተሰብ ጋር ይበላል? ለሰንበት ማዕድ ይቀርባል? ድሮ የሚወዳቸውን ጓደኞች ያገኛል? ፈተና ይቀመጣል? ለእነዚህ መልሱ «አዎ» ከሆነ ስልኩን በመንጠቅ ጠብ አትጀምሩ። ብዙዎቹ «አይ» ከሆኑ ደግሞ ዓመት እስኪሞላ አትጠብቁ። የኩፓት ሆሊም የቤተሰብ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ በተማረበት ተቋምም የተማሪዎች ዲካናት አለ፣ ምክር ይሰጣል። ከጌሙ ጀርባ ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ይገኛል፦ ከባድ ዕብራይስጥ፣ ብቸኝነት፣ «ወድቄ አሳፍራቸዋለሁ» የሚል ፍርሃት። ጭንቀቱ ከበረታ በ1201 ኤራን የስልክ እርዳታ ይሰጣል።

ገንዘባችሁን ጠብቁ

አንደኛ፣ «የመጀመሪያው ወር በነጻ» የሚለው ፊልምና ጌም ከወሩ በኋላ ከካርዳችሁ ይቆርጣል። በሕጉ መሠረት እንዲህ ያለ ተከታታይ ውል በማንኛውም ጊዜ ሊሰረዝ ይችላል፤ ማስታወቂያው ለሻጩ ከደረሰ በኋላ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ፣ በአደራ ደብዳቤ ከተላከ ደግሞ ከተላከበት ቀን ጀምሮ በ6 የሥራ ቀናት ውስጥ መቋረጥ አለበት።

ሁለተኛ፣ በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተደረገ ግዢ በአብዛኛው በ14 ቀን ውስጥ ይሰረዛል። ዕድሜው 65 የሞላ ሰው፣ ከመጣ አምስት ዓመት ያልሞላው ኦሌና አካል ጉዳተኛ ግን አራት ወር አላቸው፤ ይህም ሻጩ በንግግር ወይም በጽሑፍ መልእክት አነጋግሯቸው ከሆነ ነው። ስልክ ደውሎ ኢንተርኔትና ቴሌቪዥን አንድ ላይ የሸጠላችሁን ሰው በዚህ ሕግ መመለስ ይቻላል። አቤቱታ የሚቀበለው የሸማቾች ጥበቃና ፍትሐዊ ንግድ ባለሥልጣን ነው።

ሦስተኛ፣ ይህ የመሰረዝ መብት ከስልክ ላይ ለተጫነ ፕሮግራምና በጌም ውስጥ ለተገዛ «ወርቅ» ወይም «ሣጥን» ሁልጊዜ አይሠራም። ስለዚህ ካርዳችሁን በልጁ ስልክ ላይ አታስቀምጡ፤ ግዢ ያለ ይለፍ ቃል እንዳይፈጸም አድርጉ። ውስጡ ያለው ሳይታይ የሚገዛ ሣጥን ከቁማር ጋር ይመሳሰላል፤ ቤልጂየም በ2018 እንዲህ ያሉትን ሣጥኖች ሕገ ወጥ ቁማር ብላቸዋለች።

ሥራ ይገኝበታል?

«ጌም ሠርቼ እኖራለሁ» የሚል ልጅ ሁሉ አይቃዥም። በእስራኤል ትልልቅ የጌም ኩባንያዎች አሉ፤ በሄርጽሊያ በ2010 የተመሠረተው ፕሌይቲካ አንዱ ነው። ፕሮግራም ጸሐፊ ብቻ ሳይሆን ሠዓሊ፣ ሙዚቃ የሚሠራ፣ ስህተት የሚፈትሽና ደንበኛ የሚያነጋግርም ይቀጥራሉ። በአሽዶድም የሳሚ ሻሙን የምህንድስና ኮሌጅ ግቢ አለ። መጫወት ግን ሌላ፣ መሥራት ሌላ ነው። ልጁን «የትኛውን ጌም ትወዳለህ?» ብቻ ሳይሆን «የሠራኸውን አሳየኝ» በሉት።

ከወታደርነት የሚወጡ ልጆች ደግሞ ይጠንቀቁ። የፒካዶናቸው ገንዘብ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ለትምህርትና ለመሳሰሉት ለተፈቀዱ ጉዳዮች የሚውል ነው። «በስድስት ወር ተምረህ በጌም ሥራ ትገባለህ» የሚል ኮርስ ሲመጣ ከመፈረም በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠየቅ፦ የሚሰጠው ዲግሪ ነው ወይስ ወረቀት? ዲግሪ ከተባለ የከፍተኛ ትምህርት ምክር ቤት ያውቀዋል? ባቋርጥ ምን ያህል ይመለስልኛል? መልሱ በጽሑፍ ይሁን።

ከዚህ በኋላስ?

የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ወደ ጨዋታው ይበልጥ እየቀረበ ይሄዳል እንጂ አይርቅም። በዓይን ላይ በሚደረግ መነጽር ቀዶ ሕክምና የሚለማመዱ ተማሪዎች አሉ፤ ከተማሪው ጋር እየተነጋገረ የሚያስረዳ ፕሮግራምም በየስልኩ ገብቷል። ነገ በልጆቻችን ክፍል በር ላይ ቆመን በዓይን ብቻ «ይህ ትምህርት ነው፣ ይህ ጨዋታ ነው» ማለት ከዛሬው ይልቅ ይከብደናል።

ስለዚህ ከበሩ መልስ እንግባ። በሳምንት አንድ ጊዜ ቡና ሲፈላ ልጁን ጥሩና «እስቲ የዚህን ሳምንት ትምህርትህን አሳየኝ፣ ፈተናህ መቼ ነው?» በሉት። ዕብራይስጡ ባይገባችሁ ግድ የለም። የሚያስረዳ ልጅ ራሱ ይበልጥ ይገባዋል፤ የሚሸሽ ልጅም ከፊቱ ይታወቃል። ሁለተኛዋ እናት ልጃቸው እውነቱን ሲነግራቸው አልቅሰው ነበር፤ ግን አልጮሁም። ዲካናት የሄዱት አብረው ነው። አሁን በየሐሙስ ማታ ቡና ይፈላል፣ የቤቱም በር ክፍት ነው።

በአማርኛችን «ጨዋታ» ማለት ጌም ብቻ አይደለም፤ ተቀምጦ ማውጋትም ጨዋታ ነው። ከልጆቻችን ጋር የጎደለን እሱ ነው።