ከከተማ ፍሳሽ ስለሚገኝ ማዳበሪያ

ከውጭ አገር ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል ለደጋው አገር የማዳበሪያን ያህል የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። የፋርጣና የላይ ጋይንት ገበሬ ገብሱ፣ ስንዴውና ድንቹ ያነሰበት እንደ ሆነ፣ በደብረ ታቦር ገበያ የጨርቁም የቆርቆሮውም ሽያጭ አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ የማዳበሪያ ነገር የገበሬው ብቻ ሳይሆን የባለሱቁም ጉዳይ ነው።

ኤንፒኤስ የተባለው ማዳበሪያ ናይትሮጂን፣ ፎስፎረስና ድኝ ያለበት ነው። በጆንያው ላይ ለፎስፎረስ የሚጻፈው ከመቶ 38 እጅ የሚለው ቁጥር የኦክሳይዱን መጠን የሚያመለክት ስለሆነ፣ በ1 ኩንታል ውስጥ ያለው ንጹሕ ፎስፎረስ ከ16 እስከ 17 ኪሎ ይሆናል። ይህ ፎስፎረስ የሚወጣው ከድንጋይ ሲሆን፣ ከዓለም የፎስፌት ድንጋይ ክምችት ከሦስት እጅ ሁለቱን እጅ ያህል የያዙት ሞሮኮና ምዕራብ ሰሐራ ናቸው። ዋጋውም በሩቅ አገር ሁኔታ ይወሰናል፤ በ2012 ዓ.ም. በዓለም ገበያ ቶኑ ወደ 300 ዶላር ይሸጥ የነበረው ዳፕ፣ በ2014 ዓ.ም. ሚያዝያ ከ900 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና የዳንጎቴ ኩባንያ በጎዴ ፋብሪካ ለማቆም ተዋውለዋል፤ ነገር ግን ይህ ከተፈጥሮ ጋዝ ዩሪያ የሚሠራ በመሆኑ ናይትሮጂንን እንጂ ፎስፎረስን አያስገኝም።

እንዲህ በውድ ዋጋ የተገዛው ፎስፎረስ ወዴት ይሄዳል? ፎስፎረስ ነዶ የሚጠፋ ነገር አይደለም። ከፊሉን የደጋው ኮምጣጣ አፈር አስሮ ያስቀረዋል። ከፊሉ ከጉና ተራራ ከሚታጠበው አፈር ጋር በርብና በጉማራ ወንዞች ወደ ጣና ሐይቅ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭም የሚወፍረው ከወንዞችና ከከተሞች ፍሳሽ በሚያገኘው እንዲህ ባለ ምግብ ነው። የቀረው በእህል ውስጥ ሆኖ ወደ ከተማ ይገባል፤ ሰውም ከበላው በኋላ በሽንትና በዓይነ ምድር ይወጣል።

መጠኑን በነጋዴ ሒሳብ መመልከት ይጠቅማል። አንድ ሰው በዓመት የሚያስወጣው ፎስፎረስ በግምት 400 ግራም ነው ቢባል፣ ከዚህ የሚበልጠው በሽንት ውስጥ ይገኛል። የደብረ ታቦር ከተማ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከ55,000 በላይ ነዋሪ ነበራት። በዚያ ቁጥር ብቻ ቢታሰብ በዓመት 22,000 ኪሎ ፎስፎረስ፣ ማለትም ከ1,300 ኩንታል ኤንፒኤስ የሚገኘውን ያህል፣ ወደ ጉድጓድ ይጣላል። ሁሉን መሰብሰብ አይቻልም፤ እኩሌታው ቢገኝ እንኳ ቀላል አይደለም።

ፎስፎረስን ከሽንት ማውጣት አዲስ ነገር አይደለም። ሄኒግ ብራንድ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1669 በሃምቡርግ ፎስፎረስን መጀመሪያ ያገኘው ሽንት አፍልቶ ነው። በዘመናችን ያለው ዘዴ ቀላል ነው፤ በሽንቱ ላይ ማግኒዝየም ሲጨመርበት ስትሩቫይት የሚባል ነጭ ዱቄት ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ተጣርቶም ይደርቃል። በኔፓል ሲዲፑር በተባለ መንደር ይህ በበርሜልና በጨርቅ ማጣሪያ ተሞክሯል። ስትሩቫይት በውኃ ቶሎ ስለማይሟሟ በዝናብ አይታጠብም፤ ለኮምጣጣ አፈርም ይስማማል። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው ደንብ፣ ታላላቆቹ የፍሳሽ ማጣሪያዎች ከ2029 ጀምሮ ፎስፎረሱን መልሰው እንዲያወጡ አዝዛለች። ስዊዘርላንድም ከሽንት የተሠራ አውሪን የተባለ ማዳበሪያ እ.ኤ.አ. በ2018 ለማናቸውም ተክል እንዲውል ፈቅዳለች።

በአገራችንም ጅማሬ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2010 በአውሮፓ ኅብረት ርዳታ በአርባ ምንጭ በተካሄደው ሥራ፣ ሽንትን ከዓይነ ምድር ለይተው የሚያስቀሩ መጸዳጃ ቤቶች ተሠርተው ነበር። ደብረ ታቦርን ለመሰለ፣ አብዛኛው ቤት በጉድጓድ ለሚጠቀምበት ከተማ፣ ከታላቅ ማጣሪያ ይልቅ የሚቀርበው ይህ መንገድ ነው። ሽንቱ ለብቻው ከተለየ በኋላ እስከ 6 ወር በተዘጋ ዕቃ ሲቆይ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ይሞታሉ፤ ከዚያም በማሳ ላይ ሊፈስ ይችላል።

ሆኖም ችግሩን ሳይመዝኑ ወደ ሥራ መግባት ኪሳራን መጥራት ነው። 1 ኪሎ ስትሩቫይት ለማግኘት በግምት 500 ሊትር ሽንት ያስፈልጋል፤ ለ1 ኩንታል 50,000 ሊትር ማለት ነው። ይህን ያህል ፈሳሽ በመኪና ማመላለስ ትርፉን ይበላል። ስለዚህ ሥራው ሊያዋጣ የሚችለው ብዙ ሰው በአንድ ስፍራ በሚውልበት፣ በትምህርት ቤት፣ በዩኒቨርሲቲና በአውቶቡስ መናኸሪያ፣ ዱቄቱም እዚያው ሲሠራ ነው። ማግኒዝየሙም የወጪው ዋና ክፍል ነው፤ ጨው ከተለቀመ በኋላ የሚቀረው መራራ ውኃ ማግኒዝየም ስላለበት፣ የጨው ነጋዴ ሊያስብበት የሚገባ ነው።

ከዚህም በላይ ገበሬው የሚገዛው ያመነውን ዕቃ ነው። የጆንያው ሚዛን ትክክል ካልሆነና በውስጡ ያለው በላቦራቶሪ ተመርምሮ ካልተጻፈበት፣ ከሽንት የተሠራ መሆኑ ሲሰማ ማንም አይነካውም። መጀመሪያ በጥቂት ማሳ ተሞክሮ ምርቱ በዓይን መታየት አለበት። ይህ ዱቄት በጅቡቲ በኩል የሚገባውን ማዳበሪያ አይተካም፤ ከዚያ ጥቂቱን ግን ሊቀንስ ይችላል። አንድ ጊዜ በውጭ አገር ገንዘብ የተገዛን ዕቃ ሁለተኛ ጊዜ ሳይከፍሉ መጠቀም ደግሞ ለማንኛውም ነጋዴ የማይሰወር ጥቅም ነው።