ስለ ስክራብል ጨዋታና በውስጡ ስለሚገኙት እንግዳ የእንግሊዝ ቃሎች

በምሽት ጊዜ ቤተ ሰብ በአንድ ገበታ ዙሪያ ተሰብስቦ ከሚጫወታቸው የውጭ አገር ጨዋታዎች አንዱ ስክራብል የሚባለው ነው። ልጆቻቸውን የእንግሊዝን ቋንቋ ለሚያስተምሩ ወላጆች ይጠቅማል ብለን ስላሰብን፣ ስለ ጨዋታው ጥቂት፣ በውስጡ ስለሚገኙት እንግዳ ቃሎች ግን ሰፋ አድርገን ልንናገር ወደድን። ዓመቶቹን የምንጽፈው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

ጨዋታውን ያሰበው አልፍሬድ ሞሸር በትስ የሚባል አሜሪካዊ የሕንፃ መሐንዲስ ነው። ከ1929 በኋላ በአሜሪካ ንግድ ወድቆ ሥራ በጠፋበት ዘመን እርሱም ሥራውን አጥቶ ነበርና፣ ጋዜጣ እየዘረጋ እያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚገኝ ይቈጥር ጀመር። አዘውትሮ ለሚገኘው ፊደል ትንሽ ዋጋ፣ ከስንት አንዴ ለሚገኘው ትልቅ ዋጋ ሰጠ። ስለዚህ ከ100ው ጠጠር 12ቱ «ኢ» የተጻፈባቸው ሲሆኑ ዋጋቸው 1 ነው፤ «ኪው»ና «ዜድ» ግን አንዳንድ ብቻ ሆነው እያንዳንዳቸው 10 ያወጣሉ። ሁለቱ ጠጠሮች ምንም አልተጻፈባቸውም፤ ተጫዋቹ የወደደውን ፊደል ያደርጋቸዋል። ስክራብል የሚለውን ስም በ1948 ያወጣለት ጄምስ ብሩኖት ነው፤ ትርጓሜውም አንድ ነገር ለማግኘት በእጅ እየቧጠጡ መፈለግ ማለት ነው።

ተጫዋችን ሁሉ የሚያስጨንቀው ኪው ነው። በእንግሊዝ ጽሕፈት ይህ ፊደል ያለ «ዩ» እምብዛም አይሄድምና፣ ዩ ያልደረሰው ሰው ኪውን ታቅፎ ይቀራል፤ በመጨረሻም ዋጋው ከነጥቡ ይቀነስበታል። መድኃኒቱ ከሌላ አገር ወደ እንግሊዝ የገቡትን ቃሎች ማወቅ ነው። ከሁሉ የሚያጥረው በኪውና በአይ የሚጻፈው «ቺ» ነው፤ ይኸውም ቻይናዎች በሰውነት ውስጥ ይመላለሳል የሚሉት የሕይወት ኃይል ነው። አሜሪካኖች ይህን ቃል በጨዋታው መዝገብ ያስገቡት በ2006 ነው። «ቃናት» በፋርስ አገር ውኃ ለማምጣት በምድር ውስጥ የሚቈፈር ቦይ ነው። «ፋቂር» ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን በመጀመሪያ ድኃ ማለት ነበር፤ ዛሬ ዓለምን ለናቀ ባሕታዊ ይነገራል። «ቆፍ» የዕብራይስጥ ፊደል ስም ነው፤ የግዕዝን ፊደል በየስሙ የተማረ ሰው ቃፍ ብሎ የሚጠራው ወንድሙ ነው።

ከዌልስ አገር የመጡት ደግሞ ለባዕድ አፍ የሚከብዱ ናቸው። «ኩም» በተራራ ራስ ላይ እንደ ጽዋ የጐደጐደ ሸለቆ ነው፤ «ክሩዝ» እንደ መሲንቆ በደጋን የሚመታ የቀድሞ ዘመን በገና ነው። ሁለቱም አናባቢ ከሚባሉት ከአምስቱ የእንግሊዝ ፊደሎች አንዱ እንኳ የለባቸውም። ከግሪክ የመጣው «ሲዚጂ» ግን ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘናል። ፀሐይና ጨረቃ ከምድር ጋራ በአንድ መስመር ሲውሉ የሚነገር ቃል ሲሆን፣ ሥሩ እንደ በሬ በአንድ ቀንበር መጠመድ ማለት ነው። ሦስት «ዋይ» ስላለበትና ጨዋታው ሁለት ብቻ ስላለው፣ ያልተጻፈበት ጠጠር ያልደረሰው ሰው ሊሠራው አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር አለ። በውድድር ሕግ ቃሉ በመዝገብ መገኘቱ ይበቃል እንጂ ትርጓሜውን የሚጠይቅ የለም። ናይጅል ሪቻርድስ የሚባለው የኒው ዚላንድ ሰው ፈረንሳይኛ ሳይናገር የቃሉን መዝገብ አጥንቶ በ2015 በቤልጅግ አገር በተደረገው የፈረንሳይኛ ውድድር የዓለም አሸናፊ ሆነ፤ በ2024ም በግራናዳ በስፓንያ ቋንቋ እንደዚሁ አደረገ። የዚህን ሰው የማስታወስ ኃይል ማን አያደንቅም? ነገር ግን በእኛ ዘንድ ንባብ ቤት ሌላ፣ ትርጓሜ ቤት ሌላ ነው። ልጅ በማያውቀው ቃል ነጥብ ማግኘትን ከለመደ፣ አዋቂ ሳይሆን አዋቂ መምሰል ይቀለዋል። ስለዚህ በቤት ውስጥ ቃሉን የሠራ ሁሉ ትርጓሜውን እንዲናገር፣ ካልቻለም ጠጠሩን እንዲያነሣ ሕግ ቢደረግ መልካም ይመስለናል። ጨዋታው ይዘገያል፤ ይዘግይ።

ከአገራችን ስሞችም በመዝገቡ የሚገኙ አሉ፤ ልጆች በዚህ እጅግ ይደሰታሉ። «ብር» የገንዘባችን ስም ሆኖ ሳለ፣ በእንግሊዝ አፍ ከጥንት ጀምሮ ብርታትና የነፋስ ኃይል ማለት የሆነ ሌላ ቃል በዚያው ጽሕፈት ይገኛል። «ንጉሥ»ም እንዲሁ ሁለት ነው። አንዱ የእኛው ሲሆን፣ ሁለተኛው የወይን ጠጅ በሙቅ ውኃ፣ በስኳር፣ በሎሚና በገውዝ ተቀላቅሎ የሚጠጣ መጠጥ ነው፤ ስሙን ያገኘው በ1732 ከሞተው ከኮሎኔል ፍራንሲስ ኒገስ ነው። ነጥባቸውን ብንቈጥር ራስ 3፣ ንጉሥ 6፣ ጤፍ 10 ያወጣሉ፤ በኪው የሚጻፈው ጫት ግን 12 አውጥቶ ከሁሉ በላይ ይቀመጣል።